ከግርድ የተሠራ ፊት

ካምፓላ፣ ካትዌ
ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ ዘርፈሽ፣

ሰላምታዬ ከይቅርታ ጋር ይድረስዎ። እግርዎ እንዴት ነው፣ ስልክስ ስደውልልዎ ለምን አያነሱም? መልሴ የዘገየው ስላልጻፍኩ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። ነጋዴዋ አለምዘውድ ከአዳማ ያመጣችውን በርበሬ ከመኪና አውርዳ ላቧን እንኳ ሳትጠርግ ነው ጥያቄዎን የነገረችኝ። ቆሜ ሰማኋት፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፉም ሥራውም እንደ ድሮው አልሆነልኝም።

ማኑሄ ካረፈ አሥር ወር ሞላው። ቀብሩ ላይ ማን እንደነበረ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ አፈሩ እንዴት ያለ ቀይ እንደሆነ በየጊዜው ጽፌልዎታለሁ። ይህን የአሁኑን ግን በቃል እንዴት እንደምመልሰው አላውቅም። ከአዳማ ሲወጣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ሲሞት ሠላሳ አራት። እርስዎ የሸኙት ልጅና እኔ የቀበርኩት ባል ፊታቸው አንድ አልነበረም። ሌላ ሰው «በመጨረሻ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ቢጠይቀኝ ፎቶ አሳየዋለሁ፤ ስልኬ ውስጥ አራት አሉኝ። ለእርስዎ ግን ስኳር ዓይንዎን ከወሰደው ወዲህ ፎቶ ወረቀት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አደረግሁ። ይስቁብኝ ይሆናል።

በወንድይፍራው ምግብ ቤት ጓሮ ውስጥ አሁንም እርስዎ ያስተማሩኝን ሥራ ነው የምሠራው፤ ምስር እለቅማለሁ፣ ጤፍ እነፋለሁ። አዳማ እህል መጋዘኑ ውስጥ አለቃዬ ሳሉ ግርዱን ለዶሮዎቻችሁ ውሰዱ ይሉን ነበር። እዚህ ዶሮ የለኝም። ቢሆንም ጠጠሩን፣ እንክርዳዱን፣ የተሰባበረውን ምስር፣ የጠቆረውን ጤፍ ሁሉ በየቆርቆሮው ሳጠራቅም ኖሬያለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መጣል አልሆነልኝም። ከናኪቩቦ ገበያ ሰፌድ ገዛሁ። ሉጋሊ ይሉታል፣ ስፌቱ ይሳሳል እንጂ ያው የእኛው ሰፌድ ነው። ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ አቅጥኜ ሙጫ አደረግሁት። ፎቶውን ፊት ለፊቴ አቁሜ የማኑሄን ፊት አንድ በአንድ ሰፌዱ ላይ ለጠፍኩት። ቅንድቡ ኑግ ነው፣ ግንባሩ ቀይ ጤፍ፣ ጉንጩ ምስር። አፍንጫውን በጠጠር አሰለፍኩት።

ስጨርስ ከፎቶው ጋር አስተያየሁት። እማማ፣ እኔ ትምህርት ቤት እርሳስ በወጉ ይዤ የማላውቀው ሴትዮ ሰው ሠርቼ አገኘሁ። ብዙ ሰዓት ቁጭ ብዬ አየሁት፤ እኔ የሠራሁት አይመስለኝም ነበር። ጎረቤቴ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ሙዜ ሙካሳ መዶሻ ሊበደር... አይ፣ መዶሻውስ የእሱ ነው፣ እሳት ሊጭር መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። ማኑሄን ያውቀው ነበር።

አለምዘውድ ነገ ትመለሳለች። በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጥቻታለሁ፤ በጣትዎ ያንብቡት።

ምራትዎ ውድነሽ


አዳማ
የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለውድነሽ፣

እኔ ደህና ነኝ። ስለ እግሬ የጠየቅሽውን ተይው፤ እግር አለኝ፣ ይበቃል። ይህን የሚጽፍልኝ ያው ጎረቤቴ ረድዋን ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ዘግቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጧል። ቃሌን እንዳያሳምረው አስምዬዋለሁ። ስልክ ለምን እንደማላነሳ ለጠየቅሽው፣ ስልክ ሲዘጋ ሰውዬውም አብሮ ይዘጋብኛል። ደብዳቤ ግን ረድዋን እስኪሰለቸው ድረስ ደጋግሞ ያነብልኛል።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

አለምዘውድ የመጣች ቀን ብቻዬን ነበርኩ። «ውድነሽ የላከችልዎ ነው» ብላ ዕቃውን ጭኔ ላይ፣ ደብዳቤሽን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ታክሲ ቆሞ ይጠብቀኛል ብላ ሄደች። ጨርቁን ስፈታ ሰፌድ ነው። ሰፌዱ ላይ እህል አለ፣ እህሉ ውስጥ ጠጠር አለ። አርባ ዓመት እህል የለቀመ እጅ ሰፌድ ጭኑ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ አንቺ ታውቂያለሽ።

ለቀምኩት።

ጠጠሩን ወደ ግራ፣ ምስሩን ወደ ቀኝ እያልኩ፣ አንቺንም በልቤ እየወቀስኩ። ይህቺ ልጅ እንዲህ ያለ ቆሻሻ እህል ከየት ገበያ ነው የሸመተችው፣ ያስተማርኳት ሁሉ የት ሄደ እላለሁ። የፖሾ ሙጫሽ መንገድ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ብዙም አላስቸገረኝም። ግማሽ ያህል ከሄድኩ በኋላ ነው ጣቴ ቀጥ ያለው። ጠጠሮቹ ተሰልፈዋል። በአርባ ዓመት ውስጥ እህል መሀል የተሰለፈ ጠጠር ነክቼ አላውቅም። ሰልፉን ተከትዬ ወረድኩ፤ ከሥሩ ግራና ቀኝ ሁለት ባዶ ቦታ አገኘሁ። አፍንጫ ነው።

እጄን አንስቼ እንደያዝኩት ቀረሁ። ረድዋን ሲመጣ እንዲያ ሆኜ ነው ያገኘኝ። ደብዳቤሽን አነበበልኝ። የልጄን ግማሽ ፊት ለቅሜ ቁና ውስጥ ጨምሬዋለሁ።

አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቅ መጣብኝ፤ ረድዋን አእምሮዋን ሳተች ብሎ ውሃ አመጣልኝ። ማኑሄ ቢኖር ለሰፈር ሁሉ ያወራው ነበር።

የተረፈውን ግማሽ ቀስ ብዬ ዳሰስኩት። ልጄ፣ ደነቀኝ። ዕድሜ ልኬን ግርድ ስጥል ነው የኖርኩት፤ ግርድ ሰው ይሆናል ብሎ የነገረኝ የለም። ቅንድቡን አገኘሁት፣ የዓይኑን ቆብ አገኘሁት። ግን አለቃሽ ነበርኩና እውነቱን ልንገርሽ። ጠፍጣፋ ነው። ፎቶውን ነው የሠራሽው፣ እሱን አይደለም። ጉንጩ ከግንባሩ እኩል ነው፣ የሰው ፊት ደግሞ ሜዳ አይደለም። ፎቶውን ዝጊና እንደገና ሥሪው። ስምንት ዓመት አብረሽው ኖረሻል፣ እጅሽ ያውቀዋል።

እናትሽ ዘርፈሽ

ከዚህ በታች ያለው የእኔ የረድዋን ነው፤ እማማ አላዘዙኝም። «ተይው» ያሉሽን እግራቸውን ስኳሩ ካደነዘዘው ቆይቷል። አሁን ወደ እጃቸው መጥቷል። ባለፈው ሳምንት የሻይ ብርጭቆ መዳፋቸውን ሲያቃጥለው አላወቁም፤ እኔ ነኝ የቀማኋቸው። ሐኪሙ በጥቂት ወራት ይብሳል ይላል። ሰፌዱንም የለቀሙት በሦስት ጣት ነው። የምትሠሪው ከሆነ ቶሎ አድርጊው። እኔ እንደነገርኩሽ አትንገሪያቸው።


ካምፓላ፣ ካትዌ
ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ ዘርፈሽ፣

ፊቱን ስለለቀሙት አይቆጩ። ረድዋን ቃልዎን ሳያሳምር ጽፎልኛልና እኔም ሳነበው አልቅሼ ነው የሳቅሁት። ደግሞም ሥራዬን እንደ እርስዎ ጥሬ በጥሬ ያየልኝ ሰው የለም። ጠፍጣፋ ነው ያሉትም እውነት ነው።

ስለዚህ ፎቶውን ዘጋሁ። እሑድ ከሰዓት፣ የካትዌ ቀጥቃጮች ሲያርፉና ግድግዳው መንቀጥቀጡን ሲያቆም፣ ዓይኔን በሻሽ አሰርኩና ሰፌዱ ፊት ተቀመጥኩ። እጅሽ ያውቀዋል ብለውኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ምንም አላወቀም። አፈርኩ። ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር ፊቱን በእጄ ዳስሼው የማውቀው ጥቂት ቀን ነው ለካ፤ ትኩሳት ሲይዘው፣ ከዚያም በመጨረሻው ሰሞን በለብ ያለ ውሃ ሳጥበው። እጄ ያስታወሰው እሱን ፊት ነው፣ ሲታጠብ የነበረውን። የጉንጩ አጥንት እንዴት እንደወጣ፣ ከሥሩ እንዴት እንደጎደጎደ፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ቆዳው እንዴት እንደሳሳ። ምስር በምስር ላይ ደረብኩ፣ ጉድጓዱን ባዶ ተውኩት። መክሳቱን በቃል ልነግርዎ ያልቻልኩት ይኸው ነው እማማ። በመጨረሻ እንዲህ ነበር።

አሁን ደግሞ የእኔን ጥፋት ይስሙ። ፖሾው ስለተሰነጠቀ ተልባ ዘፍዝፌ፣ ዝልግልግ የሚለውን ውሃ ሙጫ አደረግሁት። ፀጉሩንም በተልባ ሠራሁት፤ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ያበራል፣ የእሱን ይመስላል። እንዲደርቅ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በማግስቱ ዝናብ ጀመረ፤ የዚህ አገር ሚያዝያ ሰማዩን ሁሉ ያወርደዋል። ሳምንት ሙሉ ቤቱ እንደ እንፋሎት ሆነ። ሥራ ደርሼ እመለሳለሁ እንጂ በወጉ አላየሁትም።

ስድስተኛው ቀን ጠዋት ቀና ስል ፀጉሩ አረንጓዴ ነው።

በቅሏል እማማ። ተልባው ከግንባሩ በላይ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፣ እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ሁለት ሁለት ቅጠል ይዟል። ከጆሮው ሥር እንክርዳዱ እንደ ክር ቀጥኖ ወጥቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ጥሬ የበቀለበት መሬት እኛ አገር ነው፣ ውሃው የዚህ ሰማይ፣ ሰውዬው ደግሞ ከሁለት ኮረብታ ወዲያ አፈር ውስጥ ተኝቷል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ፈራሁ፣ ደስም አለኝ፣ የቱ እንደሚበልጥ አላወቅሁም። ሙዜ ሙካሳ ሚስቱን ጠራ፣ ሚስቱ ጎረቤቱን ጠራች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሰው በተራ እየገባ አይቶ ይወጣል። አንድ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ነጂ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማውን ውጭ አወለቀ።

ሳምንት አልቆየም። ሥሩ ጥሬውን ከሰፌዱ እያላቀቀ አነሳው፣ ጉንጩ ተንዶ ወለል ላይ ወደቀ። ልልክልዎ የነበረው እሱን ነው። አሁን ምን ላድርግ? ለምን እንደቸኮልኩ አይጠይቁኝ፤ ቶሎ ይመልሱልኝ ብቻ።

ውድነሽ


አዳማ
ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለውድነሽ፣

ለሟቹ ልጄ ጎፈሬ አሳድገሽለታል አሉ። ረድዋን ሦስት ጊዜ አነበበልኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጸጉሬ ቆመ። እኔ ነኝ በዓይኔ ስላላየሁት የተቆጨሁት። የዚያን ቦዳ ነጂ ስም ጠይቀሽ ላኪልኝ፣ በጸሎት ላስበው እፈልጋለሁ።

የምታደርጊው ይህ ነው። ጥሬውን ሁሉ በብረት ምጣድ ቁዪው። ሳይጠቁር፣ እንዲያው ሆዱ እስኪደርቅ። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ቢዘንብበትም ዝም ይላል። ሙጫውን ከአናጢዎች ውሰጂ፣ የሚበላ ነገር ሙጫ አታድርጊ።

ለምን እንደቸኮልሽ አልጠይቅሽም፣ አውቄዋለሁና። ረድዋን ባለፈው ከፊርማዬ በኋላ ብዙ ሲጽፍ ሰምቼዋለሁ፤ እስክሪብቶው ይጮኻል። ይኸው አሁንም መጻፉን አቆመ። ቀጥል ረድዋን፣ አልተቀየምኩህም።

እውነት ነው ልጄ። የግራ እጄ የሌላ ሰው እጅ ሆኗል። ከቀኙ አውራ ጣቴ ቀርቶልኛል፣ እሱም ጠጠርን ከምስር ይለይልኛል እንጂ ጤፍን ከሰሊጥ አይለይልኝም። ስለዚህ ደቃቁን ተይውና ትልልቁን ተጠቀሚ። ዓይኔ ሲጠፋ እንዲህ አልፈራሁም፤ እጅ አለኝ ብዬ ነበር። አሁን የምፈራውን ልንገርሽ። ሰፌድሽ እዚህ ደርሶ፣ ጭኔ ላይ ተቀምጦ፣ እጄ ባዶ ሰፌድ ነው እንዲለኝ ነው። ልጄን አልቀበርኩትም፣ ፊቱን ሳላገኘው ደግሞ መሞት አልፈልግም።

እናትሽ ዘርፈሽ


ካምፓላ፣ ካትዌ
ግንቦት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ ዘርፈሽ፣

ነገ ጠዋት አለምዘውድ ስለምትነሳ አጭር ነው የምጽፈው። የቦዳ ነጂው ስም ለሚ ነው። የእኛው አገር ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ያን ቀን ሰው ሲሰበሰብ አይቶ የገባ ነው፣ አማርኛዬን ሲሰማ እንዳለቀሰ ነገረኝ።

ጥሬውን ምግብ ቤቱ ምድጃ ላይ ቆላሁት። መቁላቱ ከበደኝ፣ አልዋሽዎትም፤ ሲንጣጣ ጆሮዬን ይዤ ነበር። ለማቀዝቀዝ ትሪ ላይ ዘርግቼው ዞር ስል ወንድይፍራው በዚያ ሲያልፍ ቆሎ መስሎት አፍሶ በላ። «ጨው ያንሰዋል» አለኝ። የባሌን ግንባር ነው የበላኸው ስለው የሚገባበት ጠፋው፤ የቀረውን ቀን እሱ ራሱ ምስሩን እየለቀመ እኔን አሳረፈኝ።

ሁለት ሳምንት ነው የሠራሁት፣ ሁልጊዜም ዓይኔን አስሬ። ቦሎቄ፣ ሽምብራ፣ የኦቾሎኒ ስባሪ፣ ካትዌ መንገድ ላይ የለቀምኩት የብረት ቁርጥራጭ ሁሉ ገብቶበታል። ለእርስዎ የሚሰማዎ ሁሉ ይግባ ብዬ ነው። ሻሹን ስፈታ ያየሁትን ፎቶው ውስጥ አላየሁትም። ከእኔ ከየት እንደወጣ አላውቅም እማማ፤ እጄን አገላብጬ አየሁት፣ ያው እጄ ነው።

ከተማ ውስጥ የሥዕል አዳራሽ ያላት ሴትዮ ወሬውን ሰምታ መጥታ ነበር። ራቅ ብላ አየችው፣ ተጠግታ አየችው፣ ለሰው ላሳየው ስጪኝ አለችኝ፤ ስሜን ግድግዳ ላይ እንደምትጽፍ ነገረችኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ግን የተሠራው ለአንድ አውራ ጣት ነው አልኳት። አልገባትም፤ እኔም ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም።

ሙዜ ሙካሳ በቆርቆሮ ሳጥን ሠራልኝ፣ ክዳኑን በአራት ብሎን አሰረው። አለምዘውድ እስከ አዳማ ከጭኗ እንዳታወርደው ምላልኛለች። እባክዎ እማማ፣ አውራ ጣትዎን ይጠብቁልኝ። ሙቅ ነገር አይንኩበት።

ውድነሽ


አዳማ
ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለውድነሽ፣

ደርሷል። ሙዜ ያልሽው ሰውዬ እጁ ይባረክ፣ አንድ ጥሬ አልወደቀም። ረድዋን ብሎኖቹን ፈታና ሰፌዱን ጭኔ ላይ አኖረልኝ። ደብዳቤሽን አስቀድሞ አንብቦልኛል፤ እጄንም ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬ ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት።

አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። ምንም።

እንዳልዋሽሽ ብዬ ነው የምነግርሽ። ግንባሩን ፈለግሁ፣ ምንም። አፍንጫውን ፈለግሁ፣ ምንም። ከባድ ነገር ጭኔ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፣ ከዚያ ያለፈውን ግን ጓንት ያጠለቅሁ ያህል ነው። ረድዋን እጄን እየያዘ «ይኸው ቅንድቡ፣ ይኸው ጉንጩ» ይለኛል፤ እሱ የሚያየውን ይነግረኛል እንጂ እኔ አላገኘሁም። ደረሰልሽ ስባል ያጣሁት ሆነ። አንቺ አልዘገየሽም ልጄ፣ እጄ ነው ቀድሞሽ የሄደው። እኔም በቃ አንሳልኝ ልለው አልኩና፣ ለማንም ሳልሰጠው አንድ ጊዜ ልቀፈው ብዬ ወደ ራሴ ሳብኩት።

ጉንጬን ነካኝ።

ቀጥ አልኩ። እንደገና አስጠጋሁት፣ አሁን አውቄ። ልጄ፣ ጉንጬ ይሰማል። ስኳሩ እግሬን ሲበላ፣ እጄን ሲበላ፣ ጉንጬን ረስቶታል፤ እኔም ረስቼው ነበር። ቀስ ብዬ ሄድኩበት። የጉንጩ አጥንት ወጣ ብሎ ጠበቀኝ፣ ከሥሩ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። ከስቷል። የዛሬ አምስት ወር የጠየቅሁሽን መለስሽልኝ። ግንባሩን በግንባሬ አገኘሁት፣ አፍንጫው አፍንጫዬ አጠገብ መጣ። ይህን ሁሉ እኔና አንቺ ዕድሜያችንን ስንጥለው ከኖርነው ነገር መሥራትሽን ሳስበው አእምሮዬ አይችለውም። ዘጠኝ ዓመት ያልሳምኩትን ልጅ ሳምኩት፤ በቀኝ፣ በግራ፣ በቀኝ።

ወደ አገጩ ስወርድ ኮሰኮሰኝ። ረድዋን የተሰባበረ ሩዝ ነው፣ ጫፍ ጫፉን አቁማ ተክላዋለች ይላል። ምን እንደሆነ እኔ አልጠየቅሁትም። ማኑሄ ሦስት አራት ቀን ሳይላጭ ቤት የመጣ ጊዜ እንዲህ ነበር፤ ልክ እንዲህ ነበር። እናም ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ «አንተ ልጅ፣ ተላጭ እንጂ» አልኩት።

ረድዋን እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ነበር። ጻፍ ብዬው ነው የጻፈው።

እናትሽ ዘርፈሽ